ጀርባን ለመንገድ መስጠት

ባለፈው ወር ለሥራ ኤረር ሄጄ የተከራየሁት ክፍል በሩ ገና ቀለም ተቀብቶ ነበር። ቁልፉን የሰጠችኝ ልጅ ትንሽ እንደሚሸት ነግራኝ፣ መስኮቱን ከፍታልኝ ሄደች። የሚሸተው ግን ቀለሙ አልነበረም፤ ቀለሙን ያቀጠኑበት አኳራጅ ነው። ቦርሳዬን ገና ሳላስቀምጥ ግራ እጄ በራሱ ተነሥቶ ቀኝ ትከሻዬን ያዘ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ እስኪለቀኝ ጠበቅኩ። ይህን ልማድ ያመጣሁት ጅግጅጋ፣ ዘጠነኛ ክፍል ከተማርኩበት ዓመት ነው።

ያ ዓመት ለእኔ የጀመረው በመስከረም ሳይሆን በነሐሴ ነው። እናቴ ከገበያው ዝቅ ብሎ ባለው መንገድ ላይ የቤት ዕቃ ትሸጥ ነበር፤ ፔርሙስ፣ ብረት ድስት፣ ትሪ፣ ባልዲ። እኔ ክረምቱን ሙሉ በሩ ላይ ባልዲ ደፍቼ እቀመጥና የዕቃ ካርቶን ቀድጄ በእስክሪብቶ እስላለሁ። ፊቴ ወደ መደርደሪያው፣ ጀርባዬ ወደ መንገዱ። ያስተማረኝ ሰው አልነበረም። አንዱን ፔርሙስ፣ ሆዱ ላይ የምታርፈው የብርሃን ነጥብ ትክክለኛ ቦታዋን እስክታገኝ ድረስ፣ ደጋግሜ እስለው ነበር።

ያን ዕለትም ፔርሙስ ነበር የያዝኩት። መጀመሪያ የሰማሁት የሱቅ መዝጊያ ብረቶች ከላይኛው መንገድ ጀምሮ አንዱ አንዱን እየተከተለ ሲወርዱ ነው። ቀጥሎ የእግር ድምፅ መጣ፣ የብዙ ሰው እግር። ልዞር ስል አንድ እጅ ከኋላ ቀኝ ትከሻዬን ጨምድዶ ወረወረኝ፤ ግንባሬ ከበሩ ብረት ጋር ተጋጨ። ከዚያ የማስታውሰው እናቴ በብብቴ ይዛ ስትጎትተኝና የሱቁ አከራይ ሐጂ በጓሮ በር ወደ ቤታቸው ሲያስገቡን ነው። ሁከቱ አልፎ ከተማው እስኪረጋ እዚያው ቆየን። ስንመለስ መደርደሪያው ባዶ ነበር። ካርቶኖቼ ወለሉ ላይ ተበትነው የጫማ አሻራ ታትሞባቸዋል።

እናቴ ሱቁን መስከረም ላይ መልሳ ከፈተችው። ዕቃ ይተካል ትል ነበር። እኔን የያዘኝ ግን የዕቃው ነገር አልነበረም። እጁ ተሰማኝ እንጂ ሰውየውን አላየሁትም። ፊቱን አይቼው ቢሆን የምፈራው አንድ ሰው ይሆን ነበር፤ ስላላየሁት ከኋላዬ የሚቆም ሁሉ እሱ ሆነብኝ።

ትምህርት ቤት ሲከፈት የመጨረሻውን ረድፍ፣ ጥጉን ያዝኩ። በዕረፍት ሰዓት ከአጥሩ ጋር ተለጥፌ እቆማለሁ። መንገድ ላይ የምሄደው የግንብ ጥግ ጥጉን ነው። አብዲ የሚባል የክፍሌ ልጅ፣ ቀልደኛ፣ ከዓይኑ ምንም የማያመልጥ፣ ይህን አይቶ ስም አወጣልኝ፤ «ጊዳር» አለኝ። በሶማሊኛ ግድግዳ ማለት ነው። ጅግጅጋ ውስጥ የቅጽል ስም የሌለው ሰው የለም። አንካሳው በአንካሳነቱ፣ ረጅሙ በርዝመቱ ይጠራል፣ ማንም አይቀየምም። እኔም አልተቀየምኩም። ግድግዳ መሆን ቢቻል ደስ ይለኝ ነበር።

ኅዳር ላይ የባዮሎጂ መምህራችን ደብተሬ ላይ የሳልኩትን ኩላሊት አይተው ለክፍሉ ሰሌዳ ላይ እንድስለው ጠሩኝ። ጠመኔ ይዤ ቆምኩ። ከኋላዬ ክፍል ሙሉ ልጅ ነው። የመጀመሪያውን ቅስት እንደጀመርኩ የአንዱ ዴስክ ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ጠመኔው እጄ ላይ ተሰበረ። ሌላ ጠመኔ ወስጄ በጎኔ ዞርኩና አንድ ዓይኔን ወደ ክፍሉ አድርጌ ሞከርኩ። የወጣው ነገር ድንች ይመስል ነበር።

አብዲ ከመሀል ተነሥቶ «ቲቸር፣ ግድግዳን ከግድግዳ ጋር አያጣሉት» አለ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ መምህሩም ሳቁ። ሄጄ ቦታዬ ተቀመጥኩ። የከበደኝ ሳቃቸው አልነበረም። እጄ ያን ኩላሊት አሳምሮ ያውቀዋል፤ እያወቀ ነው እንቢ ያለኝ። በዚያ ዕድሜዬ የእኔ የምለው ነገር ስዕል ብቻ ነበር። እሱንም ያ ፊቱን ያላየሁት ሰው ይዞት ሄዶ እንዳይሆን ፈራሁ።

ከዚያ ምልክቶቹ መጡ።

አንድ ጠዋት ሱቅ ልንከፍት ስንሄድ ግድግዳችን ላይ በከሰል ትልቅ ክብ ተሰምሯል፤ በክቡ መሀል ሁለት መስመሮች ተቆራርጠው መስቀል ሠርተዋል። ቀጥሎ ያለው ሱቅም ላይ አለ። ከእሱ ቀጥሎ ያለውም ላይ። ምልክቱ ያለባቸው የሐጂ ሱቆች ብቻ ናቸው፤ የሐጂ ተከራዮች ደግሞ አብዛኞቻችን ከመሀል አገር የመጣን ነጋዴዎች ነን። ነሐሴ ላይ ያልጨረሱትን ሊጨርሱ የሚመጡ ሰዎች ቤቱን እንዳይስቱ ቀድመው የለዩት መሰለኝ። እናቴ ቆማ አየችው። ያን ቀን የጓሮውን በር ቁልፍ ከመንጠልጠያው አውርዳ አንገቷ ላይ አሰረችው። እሱን ሳይ የእኔ ግምት ትክክል መሆኑን አመንኩ።

አርብ ቀትር ላይ፣ መንገዱ ለጁምዓ ሶላት ባዶ ሲሆን፣ እርጥብ ጨርቅ ይዤ ወጣሁና የእኛን ምልክት መፈተግ ጀመርኩ። ከሰል በውሃ ይሰፋል እንጂ አይጠፋም። ክቡ ጥቁር ደመና ሆነ። ሰዎች ከመስጊድ መመለስ መጀመራቸውን አላስተዋልኩም።

«ወርያ» አለ አንድ ድምፅ ከኋላዬ።

ወርያ «አንተ ልጅ» እንደማለት ነው። ዞሬ ከግድግዳው ጋር ተጣበቅኩ። ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፣ ጢማቸው በሂና ቀልቷል፣ ክንዳቸው ላይ የመስገጃ ምንጣፍ አለ። የግራ እጃቸው ጣቶች በከሰል ጠቁረዋል።

«ፔርሙሱን አጠፋኸው» አሉኝ።

ምን እንዳሉ አልገባኝም። አስረዱኝ። ሐጂ የሱቆቻቸውን ግድግዳ እንዲስሉላቸው አዘዋቸዋል፤ ለተከራዮቻቸው መንገር ረስተዋል። በእኛ ከተማ የሱቅ ግድግዳ ውስጥ ያለውን ዕቃ በስዕል ያሳያል፤ ከገጠር የመጣ፣ ፊደል የማያነብ ሰው ድስቱን አይቶ ይገባል። ክቡ ስዕሉ የሚያርፍበት ቦታ ነው፤ የተቆራረጡት መስመሮች መሀሉን ያሳያሉ። ይህን ሲነግሩኝ ያደግሁበት ነገር ሆኖ ሳለ እንዴት እንዳልመጣልኝ ገረመኝ። የተሳለ ግድግዳ ሁሌ አያለሁ፤ ገና ሊሳል ያለ ግድግዳ ግን አይቼ አላውቅም።

ምን መስሎኝ እንደነበር ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። አልሳቁም። ከኪሳቸው ከሰል አውጥተው ሰጡኝና መልሰህ ሥራው አሉኝ። አንገቴን ወደ መንገዱ አዙሬ፣ ግድግዳውን ሳላይ፣ ክቡን በአንድ ዙር ሠራሁት። ክቡን አዩ፣ ከዚያ አንገቴን አዩ።

ሰው ሁሉ ጉሬ ይላቸዋል፤ ግራኝ ማለት ነው። እኔ አዴር ጉሬ እላቸው ነበር። አዴር አጎት ነው።

ከዚያ ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስወጣ እሳቸው ጋ መዋል ያዝኩ። የአሠራር ደንባቸው እንግዳ ነበር። የሚስሉትን ዕቃ መጀመሪያ ዓይናቸውን ጨፍነው በእጃቸው ይዳስሱታል፤ ክብደቱን፣ ጠርዙን፣ የጎደጎደውን። ያልያዝከውን ነገር ግድግዳው አያምንህም ይሉኝ ነበር። መንገድ ላይ ቆሞ ዓይንን መጨፈን ለእኔ ከሁሉም የከበደ ትምህርት ነው። ፔርሙሱን አቅፌ አንዱን ዓይኔን በትንሹ ከፍቼ ኋላዬን ስሰልል ያዙኝ። በማግስቱ ከእናቴ ሱቅ ትልቅ የሚያብለጨልጭ ትሪ አንሥተው፣ ከምሠራበት ጎን በምስማር ሰቀሉት።

ትሪው ውስጥ መንገዱ በሙሉ ታየኝ። ባጃጁ፣ ጋሪው፣ ደማቅ ድሪያ የለበሱት ሴቶች፣ ሁሉም ተጣመውና ቀጥነው ያልፋሉ። አንድ መስመር እስባለሁ፣ ትሪውን አያለሁ፣ ሌላ መስመር እስባለሁ። እንዲህ እየጠበቅኩ እጄ ተፈታ። በዚያ በጋ ቢጫ ላይ ጥቁር ጠብ ሲል አረንጓዴ እንደሚሆን አወቅኩ። የብረት ድስት ብርሃን ነጭ ቀለም እንዳልሆነ፣ ሳይቀባ የተተወ ቦታ እንደሆነ አወቅኩ። አኳራጁ ጣቶቼን አድርቆ ሰነጠቃቸው፤ ማታ እናቴ ቅባት ትቀባኝና ሽታው ከእንጀራው ጋር አብሮ ይበላል ብላ ታማርር ነበር።

አንድ ቀን ስመጣ ምስማሩ ባዶ ነው። እናቴ ትሪውን ለሠርግ ዕቃ ለሚገዙ ሰዎች ሸጣዋለች። ለምን ብዬ ጠየቅኳት።

«ትሪ ሱቅ ውስጥ የሚቀመጠው ለምንድን ነው?» አለችኝ።

ያን ቀን አንድ የባልዲ እጀታ መጨረስ አልቻልኩም። መስመሩ ወደ ቀኝ፣ እኔ በዞርኩበት በኩል፣ እየተጎተተ ይበላሻል። ልክ አለመሆኑን እያየሁ አብሬው እሄዳለሁ። አዴር ጉሬ ብሩሹን ከእጄ ወስደው በአኳራጅ አጠቡት፣ በጨርቅ ጠቀለሉት።

«እጅህ ከእኔ እጅ ይሻላል» አሉኝ። «ግን ግድግዳ የሚስል ሰው ጀርባው የመንገዱ ነው። እሱን መስጠት ካልቻልክ ካርቶንህ ይሻልሃል።»

ክፋት አልነበረበትም። እውነት ስለሆነ ነው ያመመኝ።

ከመንገዱ ታች፣ የግመል ወተት የሚሸጡ ሴቶች በተርታ የሚቀመጡበት ቦታ አለ። ቢጫ ጀሪካን ፊታቸው ደርድረው፣ ቀኑን ሙሉ እርስ በርሳቸው እየተተራረቡ ይሸጣሉ። የነሱ ትልቅ ኤዶ ሰሃራ ከኋላቸው አንዲት ክፍል ሱቅ ነበረቻቸው። ኤዶ አክስት ማለት ነው፤ እኔም እንደ ሌላው ሰው ኤዶ እላቸው ነበር። ግድግዳቸው ላይ ግመል እንዲሳልላቸው አዘዙ። ችግሩ አዴር ጉሬ ነፍስ ላለው ነገር ዓይን አይሠሩም። ዓይን የሚሰጥ አላህ ነው ይላሉ። ኤዶ ሰሃራ ደግሞ ዓይን የሌላት ግመል አልቀበልም አሉ።

«ዕውር ግመል ማን ያልባል? ደንበኛዬን በሳቅ ልትገድልብኝ ነው?»

በዚህ ብዙ ቀን ተከራከሩ። አንድ ቀን ዝም ብዬ ስሰማ ቆይቼ፣ ግመሏን ከኋላ ብናያትስ አልኳቸው። ራሷን ወደ ግልገሏ አዙራ። ዓይኗ አይታይም፤ ጡቷ ግን ይታያል።

ኤዶ ሰሃራ ወደ ሴቶቹ ዞረው፣ ይሄ ዝምተኛ፣ ወተት ገዢ ምን እንደሚያይ ያውቃል አሏቸው። ካርቶን ላይ ነድፌ አሳየኋቸው። ካርቶኑ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ መጨረሻ ላይ የደረሳት ሴት እያለቀሰች ትስቅ ጀመር። ጡቱ የላም ነው። ጀርባዋ ላይ የግመል ሻኛ የተሰካባት ላም ሥዬ ኖሯል።

አዴር ጉሬ ሄደህ እውነተኛ ግመል እይ አሉኝ። እሳቸው ቶጎጫሌ የመጋዘን ግድግዳ ሊሠሩ ተጠርተዋል። ሲመለሱ ግመሏ ግድግዳው ላይ ካለች አብረን እንቀጥላለን፤ ከሌለች ለኤዶ ሰሃራ ጀሪካን ይስሉላቸዋል፣ እኔም ትምህርቴን እማራለሁ። ይህን ብለው ብሩሾቹን ትተውልኝ የቶጎጫሌ ሚኒባስ ተሳፈሩ።

የከብት ገበያው ከከተማው ዳር፣ ሜዳ ላይ ነው። ሜዳ ላይ ግድግዳ የለም። ብቻዬን መሄድ ስላልቻልኩ አብዲን ለመንኩት፤ ግድግዳ ሲንቀሳቀስ ማየት አለብኝ ብሎ መጣ። አቧራው፣ የግመሎቹ ጉርጉርታ፣ በየአቅጣጫው የሚያልፍ ሰው። ትከሻዬን ይዤ ዙሪያዬን እየዞርኩ ነበር የምሄደው። ከፊታችን ሁለት ሰዎች ተጠጋግተው ቆመዋል፤ ሁለቱም ቀኝ እጃቸውን በአንድ ሽርጥ ስር ደብቀዋል፣ ዓይን ለዓይን ይተያያሉ፣ አይናገሩም። ጨርቁ ስር የሆነ ነገር ይንቀሳቀሳል። የአብዲን እጅ ጎትቼ ቢላ ይዘዋል፣ እንሂድ አልኩት።

አብዲ ሜዳው ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። ዋጋ እየተደራደሩ ነው። ሌላ ሰው እንዳይሰማ ዋጋውን በጨርቅ ስር በጣት ይነጋገራሉ። ሰዎቹ ሳቁን ሰምተው ዞሩ፤ አብዲ በሶማሊኛ ነገራቸው፤ እነሱም ሳቁ። አንደኛው ግልገል ያላት ግመል ባለቤት ነበር። ልስላት እንደምፈልግ ሲሰማ ወደሷ ወሰደኝ። ጡቷ አራት ነው፤ ሁለቱ ግልገሉ እንዳይጠባቸው በልጥ ታስረዋል። ልንካት እችል እንደሆነ በአብዲ በኩል ጠየቅኩ። አዴር ጉሬ እንዳስተማሩኝ ዓይኔን ጨፈንኩና እጄን ጭኗ ላይ አሳረፍኩ። ጠጉሯ ሻካራ፣ ከሥሩ ያለው ቆዳ ሞቃት ነው፤ ትንፋሿ እስከ ጭኗ ይመጣል። የጡቷን መያያዣ፣ የልጡን ቋጠሮ፣ የጉልበቷን አጥንት ዳሰስኩ። ዓይኔን ስገልጥ ከኋላዬ ብዙ ሰው ቆሞ ያየኛል። መቼ እንደመጡ አልሰማሁም። አብዲ ክንዴን ይዞ ከመሀላቸው አወጣኝ።

የሴሚስተር ዕረፍት ነበር። ሥራውን የጀመርኩት ከምሳ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ጫቱን ይዞ ቤቱ በሚገባበት፣ ሴቶቹም ጥላ ፍለጋ በሚሄዱበት ሰዓት ነው። መንገዱ ባዶ ስለሆነ መስመሬ አይጎተትም። ግን ፀሐዩ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ያርፋል። ቀለሙ ብሩሹ ላይ እንዳለ ይጠነክራል፣ ከግድግዳው ላይ ተኮማትሮ እንደ ወተት ቆዳ ይነሣል። የጭኗ መስመር ተቆራረጠ። አኳራጅ ጨመርኩ፣ ቀለሙ ቀጥኖ ወረደ። እንዲያ ሆኖ ሊተው እንደማይችል አውቄዋለሁ። ያ ግድግዳ ጥላ የሚኖረው ጠዋት ብቻ ነው፤ ጠዋት ደግሞ መንገዱ ይሞላል። የተበላሸውን ፋቅኩትና ቤቴ ገባሁ።

ለሁለት ቀን አልወጣሁም። አዴር ጉሬ ሊመለሱ ነበር። እናቴ የብሩሾቹን ጥቅል በር ላይ አስቀመጠችው፤ አልፌው ስሄድ እንድረግጠው ይመስላል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አንሥቼው ሄድኩ።

በርሜል ላይ ወጣሁ። ከኋላዬ ሁሉም ነገር ነበር። ባጃጅ፣ ፊኛ የሚሸጥ ልጅ ፉጨት፣ የወተት ሴቶቹ ጭቅጭቅ። አንዷ የግመሏ ዳሌ የኤዶ ሰሃራን ይመስላል ስትል ኤዶ ሰሃራ ያንቺስ ቢሆን ግድግዳው አይበቃም አሏት። ላቤ በአከርካሪዬ ይወርዳል፣ ቀኝ ትከሻዬ ሊያዝ እንደተዘጋጀ ሁሉ ወደ ላይ ተሰብስቧል። እየፈራሁ ቀባሁ። ቀለሙ በጥላው ውስጥ እንደ ዘይት ይሄዳል። የኋላ እግሯን፣ ዳሌዋን፣ የዞረውን አንገቷን ሠራሁ፤ ጡቷን ጀመርኩ።

ያኔ ከላይኛው መንገድ የሱቅ መዝጊያ ብረት ወረደ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ። ቀጥሎ እግሮቹ መጡ።

በርሜሉ ላይ ደረቅኩ። መዝለል እችል ነበር፤ እግሬ አልታዘዘኝም። ብሩሹን ግድግዳው ላይ እንደያዝኩ ዓይኔን ጨፈንኩ። የሚሮጡት እየቀረቡ ነው፣ መሬቱ ሲመታ በበርሜሉ በኩል ይሰማኛል። እጁን ጠበቅኩ። ትከሻዬ ላይ የት እንደሚያርፍ፣ አውራ ጣቱ የት ጋ እንደሚገባ አውቀዋለሁ። ጠበቅኩት። የሯጮቹ ድምፅ በኋላዬ አለፈ፣ ጥግ ላይ ታጠፈ፣ ራቀ። እጁ አልመጣም።

ቀስ ብዬ ዞርኩ። ያየሁት ጀርባ ነው፤ የሴቶች ጀርባ፣ በተርታ። ከተቀመጡበት ተነሥተው፣ ከእኔና ከመንገዱ መሀል ቆመው፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረዋል። ኤዶ ሰሃራ በርሜሉ ሥር፣ ለእግሬ ቅርብ ናቸው፤ ወተት የሞላበት ጀሪካን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘዋል። ጀሪካኑ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ወተቱ ውስጥ ሲንቦጫረቅ ይሰማል። ያን ዓመት ሙሉ በዚያ መንገድ ላይ የምንፈራው እናቴና እኔ ብቻ ነን ብዬ ነበር የማምነው።

ሰዎቹ ለምን እንደሮጡ ዛሬም በእርግጥ አላውቅም። አንዱ ኮንትሮባንድ የጫነ መኪና አባርረው ነው አለ፣ ሌላው ሌባ ነው አለ። መዝጊያዎቹ አንድ በአንድ መከፈት ጀመሩ። ሴቶቹ ግን ወዲያው አልተቀመጡም።

«ወርያ» አሉኝ ኤዶ ሰሃራ ሳይዞሩ። «ቀለሙ ሳይደርቅ።»

ወደ ግድግዳው ዞርኩ። የቀረኝ ከልጡ ቋጠሮ ጀምሮ ያለው ነበር፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ ስለሆነ ቋጠሮው ከሚገባው በላይ ወፈረ። አላስተካከልኩትም። ከኋላዬ አንዷ ጉሮሮዋን ጠረገችና ለአንድ ደንበኛ የወተት ዋጋ ነገረች፤ ዞሬ ሳላይ የግልገሉን ጆሮ ጀመርኩ።